«እኔ እንደዛ አላልኩም»

ትናንት ከሰዓት ኮድቡር ሰፈር ባለችው የልብስ ስፌት ሱቃችን ብቻዬን ነበርኩ። አሠሪዬ ፎዚያ ለሶላት ወጥታለች። አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ሱሪ ይዞ ገባና በአማርኛ «አሳጥሪልኝ» አለኝ።

ሐርጌሳ ውስጥ አማርኛ ስሰማ ደስ ይለኛል። ትናንት ግን... ድምፁን የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ።

ከሀገር የወጣሁበትን መንገድ እዚህ ገጽ ላይ በየጊዜው እንደምጽፍ ታውቃላችሁ። «ሾፌሩ ክፉ ነበር» ብዬ ከማልፈው፣ ራሱ ሲናገር ብጽፈው ይበልጥ ታምኑኛላችሁ፤ ለእኔም ያ ቀን ቁልጭ ብሎ ይመጣልኛል። ስማቸውን እቀይርና አናግራቸዋለሁ። ያልሰማሁትን ደግሞ... ያው፣ ይሉታል ብዬ በማስበው እሞላዋለሁ።

ባለፈው የጻፍኩት ከጠረፍ ወዲህ ኬላ ሸሽተን በጫካ ስንመጣ ታማ መንገድ ላይ ስለወረደችው ልጅ ነው። እኔ ከኋላ ሸራ ስር ነበርኩ። ሞተሩ ይጮሃል፣ ውጭ የሚባለው አይለይም። ሾፌሩን «ውሃ ስጧትና ጥላ ስር አስቀምጧት፣ ሌላ መኪና ያነሳታል» አስባልኩት።

ሰውዬው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«የምትጽፊውን አነባለሁ።»

«የ... የቱን?»

«ሁሉንም። ጎበዝ ነሽ። ግን እኔ ውሃ ስጧት አላልኩም።»

የስፌት መኪናውን አቆምኩት።

«'ተዉአት፣ አልቆላታል' ነው ያልኩት።»

ቁጣ የለውም። ስለ ሱሪው የሚያወራ ነው የሚመስለው።

«እንዴት አገኙኝ?» አልኩት።

«ሐርጌሳ ልብስ እሰፋለሁ ብለሽ ጽፈሻል። እዚህ ስንት ሐበሻ ልብስ ሰፊ አለ?» ጎንበስ አለ። «ልጅቷ መጨረሻ ላይ የተናገረችውን ግን አልጻፍሽም።»

«አልሰማሁም።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው። ሸራ ስር ነበርኩ።»

ትንሽ አየኝና ተነሳ።

«ጥሩ። እንዳልሰማሽ ቆዪ። ደግሞ እንደ ልማድሽ ከራስሽ እንዳትሞዪው።»

ሱሪውን ይዞ ወጣ። ሳይለካ።

ፎዚያ ስትመለስ ነገርኳት። ጅግጅጋ ስላደገች አማርኛዋ ከኔ ይፈጥናል። «አጥፊው! ወላሂ አሁኑኑ አጥፊው! ምን እስኪያደርግሽ ነው የምትጠብቂው?»

ስልኬን አውጥቼ ጽሑፉን ከፈትኩት... ጣቴ እዛው ቆመ። የልጅቷን ስሟን እንኳ አላውቅም። ባጠፋው ሁለተኛ ጥያት የሄድኩ መሰለኝ።

አላጠፋሁትም። የሾፌሩን ንግግር ብቻ እሱ እንዳለው አድርጌ አስተካከልኩት። ልጅቷ የተናገረችበትን ቦታ ባዶ ተውኩት።

ምን እንዳለች የሚያውቀው አንድ ሰው ነው... እሱም ይሄን እያነበበ ነው።