የክላራ አባት ስም

ልጄ ሐና በመጪው ሐምሌ ልታገባ ነው። ባለፈው እሑድ ስሎተርቫርት የሚባል ሰፈር ወዳለው ቤቴ መጥታ አንድ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «እማዬ፣ ኸሜንተው፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ የባልሽን ስም ትወስጃለሽ ወይ ይለኛል። አንቺ ምን ትያለሽ?» አለችኝ። ምክር ለመስጠት የማልዘገየው ሴትዮ ቡና ላፈላ ተነሣሁ። እማማ ኮርኔሊያ ከነብስኩት ቆርቆሯቸው ፊቴ ድቅን አሉ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ላይ፣ ከአገሬ ተሰድጄ በሱዳን በኩል ሆላንድ ከመጣሁ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር። ሮተርዳም ከተማ ዙይድ ሰፈር ውስጥ የእማማ ኮርኔሊያን ቤት አጸዳ ነበር። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ልጅም ባልም የሌላቸው ሴት ነበሩ። ረፋድ ላይ ከቡና ጋር አንድ ብስኩት ይሰጡኝና ቆርቆሮውን ይከድኑታል። መጀመሪያ ተቀይሜ ነበር። ኋላ ሳይ ለራሳቸውም ከአንድ አያልፉም።

አንድ ዝናባማ ቀን አቧራ ስጠርግ ትልቅ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ፎቶ አገኘሁ። እናታቸው ናት፤ አሜሪካዊት። አራት ዓመታቸው ላይ ጥላቸው ወደ አገሯ ተመለሰች ብለው ያሳደጓቸው የአባታቸው እኅቶች ነገሯቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ወይዘሮ ፋን ዳለንን አፋልጉኝ እያሉ ወደ አሜሪካ ጽፈዋል፤ አንድም መልስ የለም። ሳይሞቱ ማወቅ የሚፈልጉት ለምን እንደተወቻቸው ብቻ ነበር።

«ፋን ዳለን የባሏ ስም አይደለም? አባቷስ ማን ይባላሉ?» አልኳቸው በተሰባበረ ሆላንድኛዬ።

በእኛ አገር ሴት ሰባት ጊዜ ብታገባ የአባቷ ልጅ ናት። እማማ ግራ ገባቸውና ፎቶውን ገለበጡት። ጀርባው ላይ «ለልጄ ክላራ፣ ከአባትሽ ኤድዊን ዊትከር» ይላል። ዕድሜ ልካቸውን ያዩት ጽሑፍ ነው።

እሳቸው ጉልበታቸው ስለማይችል እኔ በባቡር ዘ ሄግ ሄድኩ። የድሮ መዝገብ ከሚጠበቅበት ቢሮ ገብቼ ቅጹ ላይ እንደ አገሬ ልማድ «ክላራ፣ የኤድዊን ዊትከር ልጅ» ብዬ ሞላሁ። ሠራተኛው አሜሪካ የገባች ሴት እዚህ ምን ትሠራለች ብሎ ሊመልሰኝ ነበር። ችክ አልኩበት። ተነጫንጮ ወደ መሳቢያዎቹ ሄደ፤ ሲመለስ አንድ ካርድ ይዞ ነበር።

ክላራ ባሕሩን አልተሻገረችም። ከባሏ ተፋታ፣ በአባቷ ስም እየተጠራች፣ እዚያው ዘ ሄግ እንግሊዝኛ እያስተማረች ሠላሳ ዓመት ያህል ኖራ ሞታለች። ካርዱ ላይ ከሥሯ ዮሃና የምትባል ልጅ ተመዝግባለች፤ ከባሏ ቤት ስትወጣ ለካ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከሠራተኛው ጋር የስልክ ማውጫ ብንገልጥ የዮሃና ስም አለ፤ በሕይወት ነበረች።

ጣቢያው ላይ የተጠበሰ ዓሣ ገዝቼ እስከ ሮተርዳም ብቻዬን እየሳቅኩ በላሁ። ምን ልደብቅ፣ ኮርቼ ነበር። ገብቼ ለእማማ ነገርኳቸው። ቆርቆሮውን ከፍተው ወደ እኔ ገፉት፤ ያን ቀን ሳይከደን ዋለ።

በሚያዝያ፣ የቱሊፕ አበባው ሲፈካ፣ ዮሃና መጣች። ሁለቱ አሮጊቶች ደጃፉ ላይ ቆመው አንዷ የሌላዋን አፍንጫ ስታይ ቆዩ፤ አንድ አፍንጫ ነው። ከዚያ ዮሃና እንዲህ አለች፦

«እናታችን አልተወችሽም፤ አክስቶቻችን በር ዘጉባት እንጂ። በየዓመቱ በልደትሽ ቀን ሦስት ሳህን ታቀርብ ነበር። የአንቺን ማንም አይነካውም።»

እማማ ኮርኔሊያ ወጥ ቤት ገቡ። ሦስት ሳህን ይዘው ወጡ። ሦስተኛው የእኔ ነበር። በዚህ አገር እንግድነቴ ያበቃው ያን ቀን ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ስነግራት ሐና እስክርቢቶዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የባልሽን ስም ብትጨምሪም ባትጨምሪም ያንቺ ፈንታ ነው፣ የአባትሽን ግን እንዳትተዪው አልኳት። እስክርቢቶዋን መልሳ አነሣችና፣

«የአንቺስ አያት ማን ይባላሉ?» አለችኝ።

ሠላሳ ዓመት አሳድጌያት ሳልነግራት ኖሬያለሁ። ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ነገርኳት። ኸሜንተው ይፍቀድ አይፍቀድ እንጃ፣ ቅጹን ገልብጣ ጀርባው ላይ ጻፈችው።