ሁምቦ ላይ ጮክ ብዬ የጠራሁት ስም

ሰኞ፣ ንጋት፤ አዲስ አበባ

ጎህ ሳይቀድ ላንድሮቨሩ ደጄ ላይ በጥሩንባው አንባረቀ። ሾፌራችን ጋሽ በላይ ማስጠበቅ እንጂ መጠበቅ አይወዱም። የጫንነው የወባ ክኒን በካርቶን፣ ማይክሮስኮፕ፣ ሁለት ጀሪካን ውሃና ብዙ ባዶ ካርድ ነው። እኔ የካርዱ ጸሐፊ ነኝ። ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ መንደር። አለቃዬ «ትክክለኛ ስም የሌለበት ካርድ ይዘህ እንዳትመጣ» ብሎ ነው የሸኘኝ፤ እኔም ትእዛዝ ላይ ግትር ነኝ፣ አልደብቅም።

ሻሸመኔ ስንደርስ ፊታችን በአቧራ ቀልቶ ነበር። እዚያው አደርን።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ሶዶ

የዳሞታ ተራራ ጉም ለብሶ ከተማው ላይ ተቀምጧል። ገበያው ቅቤ፣ ዝንጅብልና ሙዝ ነው፤ አንድ እቅፍ ሙዝ በስሙኒ ገዛን። ጎደሬ በዳጣ ቀረበልንና ዳጣው ዓይኔን ሲያስነባኝ ድሬሰሩ ጴጥሮስ ሳቀብኝ። የአገሩ ልጅ ነው፤ በሚሲዮን ያደገ፣ መርፌም አስተርጓሚነትም የእሱ ሥራ ነው።

«ጴጥሮስ የወላይታ ስም ነው እንዴ?» አልኩት።

«የቤተ ክርስቲያን ነው። ትምህርት ቤት ደግሞ አስተማሪው ሌላ አወጡልኝ፣ የቤቱን መጥራት ከበዳቸው። እናቴ የራሷ አላት።»

«እሱስ ማን ነው?»

«እሱማ የእሷ ነው» አለና ጎደሬውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

ረቡዕ፣ ረፋድ፤ ሁምቦ

ከሶዶ ወደ ደቡብ ስንወርድ ብርዱ መንገድ ላይ ቀረ። አባያ ሐይቅ በሩቁ ያብለጨልጫል፣ በቆሎው ደርቆ ይንኮሻኮሻል። ዋርካ ሥር ጠረጴዛ ዘረጋን።

ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት አራት ዓመት የሚሆነው ልጇን ይዛ ቀረበች። የልጁ ዓይን ቢጫ ነው፣ ግንባሩ ይፋጃል። ጴጥሮስ ጠየቃትና፣ «ውሻው ነው የሚሉት» አለኝ።

«ሰው ልጁን ውሻ ይላል?»

«ጻፈውና ይለፍ።»

«ትክክለኛ ስሙን ካልተናገረች ክኒን የለም» አልኩ። ከአፌ የወጣው ይኸው ነው።

ሴትዮዋ ብዙ አየችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። እኔ ደግሞ ፊደሉ እንዳይሳሳትብኝ፣ እንደ ተማሪ ቤት ስም ጠሪ፣ ጮክ ብዬ ደገምኩት። ስሙን እዚህ አልጽፈውም።

ሰልፉ ላይ ያሉ እናቶች የልጆቻቸውን ጆሮ በመዳፋቸው ከደኑ። ሴትዮዋ ክኒኑን ተቀበለች፣ ልጁን አዘለችና ወደ ኋላዋ ሳታይ ሄደች።

«ስድስት ቀብራለች» አለ ጴጥሮስ። «ይሄ ከተወለደ ጀምሮ ስሙ ደጅ ወጥቶ አያውቅም።»

አፈርኩ። በእኛም አገር ሾተላይ ያስቸገራት እናት ሞት ንቆ እንዲያልፍላት ልጇን በክፉ ስም ትጠራለች። ይህን እያወቅሁ ነው ያደረግሁት። የራሳችን ሲሆን ብልሃት፣ የሌላው ሲሆን ድንቁርና እንላለን።

ሐሙስ፣ ቀትር፤ እዚያው

ልጁ ወደቀ የሚል ወሬ ደረሰን። ደሙ ውስጥ ወባ መኖሩን ማይክሮስኮፑ ነግሮናል፣ ክኒኑም በልኩ ተሰጥቶታል። ግን ከትናንት ወዲህ ዓይኑን አልገለጠም፣ «ውሻው» ሲሉትም አይሰማም።

በበቆሎው መሀል ወደ ቤቷ ሄድን። ነፋስ የለም፣ ቅጠል አይነቃነቅም። እኩሌታው ላይ ስንደርስ ከማሳው ውስጥ ያ ስም ተጠራ፣ ጥርት ብሎ። የሚጠራው ድምፅ የእኔ ነበር።

«ሰማህ?» አልኩት ጴጥሮስን።

«አልሰማሁም» አለ። እግሩ ግን ቆሟል፣ ፊቱም አመድ መስሏል።

ከማሳው ማዶ ስድስት ትንንሽ የአፈር ጉብታዎች ተደርድረዋል። ከስድስተኛው ቀጥሎ ያለው መሬት ባዶ ነው። ፈራሁ፤ እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

እናትየዋ በሩ ላይ ጠበቀችን። «አንተ ስም አወጣህ ውጭ» አለችኝ በአማርኛ። «አሁን አንተ ሌላ ስጠው።»

የተሰማ ስም ከእንግዲህ አይደበቅም፤ ባለቤቱ በፈቃዱ የሚሰጠው ስም ያስፈልጋል አለኝ ጴጥሮስ። «የዚህ ቤት ነገር ነው፣ ሁሉም ሰው አያደርገውም። እኔም አላምንበትም» አለና፣ «ግን ስጣት» ብሎ ጨመረ።

«ምትኩ» አልኩ። ትርጉሙን ጠየቀች። ከእኔ በፊት ወንድሜ ሞቶ እንደነበር፣ እኔ ስወለድ እናቴ በእሱ ምትክ መጣልኝ ብላ እንደ ሰየመችኝ ነገርኳት። በእኛ ቤት መጽናኛ ነው። እሷ ግን ለጴጥሮስ በቋንቋዋ ሌላ ነገር ነገረችው።

«ሞት አንዴ ስለወሰደበት ሁለተኛ አይመጣበትም ትላለች» አለ ጴጥሮስ። «እዚህ ምትኩ ሲባል ግን ከዛሬ ጀምሮ ያንተ አይደለም። ዘወር ካልክ ወይም አቤት ካልክ ስሙ ወደ አንተ ይመለሳል፣ ልጁም ያለ ስም ይቀራል።»

«ሰጥቻለሁ» አልኩ።

ጋሽ በላይ ሲሰሙ፣ «ስምህን ሰጥተህ አንተ ማን ልትባል ነው?» ብለው ተቆጡኝ።

ዓርብ፣ ንጋት፤ የመልስ ጉዞ

ልጁ እንደ ትናንቱ ነው። ጴጥሮስ ከንፈሩን እያራሰ፣ ክኒኑን በውሃ እያሟሟ አብሮት ሊቀር ነው፤ እኛ ደግሞ ካርዱን ይዘን መመለስ አለብን። ከሐይቁ የተነሣው ጉም መንገዱን ውጦታል። ላንድሮቨሩ ውስጥ ገብተን ሳንነሣ ከጉሙ የእናትየዋ ድምፅ መጣ።

«ምትኩ።»

ጋሽ በላይ ቁልፉን እንደያዙ ቀሩ። «አንተን ነው» አሉ።

«እኔን አይደለም» አልኩ።

ደገመች። አንገቴ በራሱ ሊዞር ሲል ወንበሩን ጨብጬ ያዝኩት። ዕድሜዬን ሙሉ አቤት ያልኩበት ስም ነው፣ ዝም ማለት እንደ ጥርስ መነቀል ያማል። እንደገና ጠራች፣ እንደገና። ድምፅዋ እየሰለለ መጣ፣ እኔም ላቤ በብርዱ ይወርዳል። አሁንስ ተወች ስል አንድ ጊዜ ደግማ ጠራች።

ቀጭን፣ እንቅልፍ የተጫነው የልጅ ድምፅ በቋንቋው መለሰላት።

ጋሽ በላይ ሞተሩን አስነሱ። «እንሂድ» አሉኝ፣ ስሜን ሳይጠሩ።