ሐረገ ወይን በክንዱ ደጅ ያለቀሰችው ለቅሶ

ታች ጋይንት ውስጥ ሰው ሲሞት ከመርዶው ቀጥሎ የሚጠየቀው «ሐረገ ወይን ሰምታለች ወይ?» ነው። ቄስ ለፍትሐቱ ይፈለጋል፤ ጎረምሳ ለጉድጓዱ ይፈለጋል፤ እሷ ደግሞ ለሙሾው። ሌላ አልቃሽ ጠፍቶ አይደለም። ሌሎቹ ግን ለሞተ ሁሉ ያንኑ «አንበሳው» ያንኑ «ዋርካው» ይደግሙታል። ሐረገ ወይን ስትመጣ ሟቹ ራሱ ይመጣል። በሬውን ምን ብሎ ይጠራው እንደነበር፣ የማንን ድንበር እንደገፋ፣ በክፉ ቀን ለማን እህል እንደሰፈረ በሁለት ስንኝ ታወጣዋለች። ዘመድ ያነባል፤ ጎረቤት ደግሞ እያነባ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ያፍናል። አልቃሽ በለቅሶ ላይ ለተናገረችው አትጠየቅም፤ የአገሩ ወግ ነው። ስለዚህ ሰው በቁሙ ሳለ ሐረገ ወይንን ማስቀየም አይወድም፤ ልብ ያለው ሰው ማለቴ ነው።

እግሯን ያሳጣትም ይኸው ሙያዋ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ላይ ጋይንት ሲዘልቅ የአክስቷ ልጅ እዚያ ሞተና ልታለቅስለት ሄደች። ስትመለስ መንገድ ላይ ከባድ መሣሪያ ወደቀ። ሐኪም ቤት ከርማ ወደ ቤቷ ስትገባ ቀኝ እግሯ ከጉልበት በታች የለም። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቶባታል፤ የቀረቻት ልጇ እመቤት ናት። መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጠች፤ ጓሮዋን በምርኩዝ እየዞረች ተንከባከበች። ይህን ሁሉ ቻለችው። ያልቻለችው አንድ ነገር ነው፤ የሩቅ ለቅሶ መቅረት። መጀመሪያ ሰሞን በቅሎ እየላኩ ይወስዷት ነበር፤ ቆይቶ በቅሎው ቀረ። ሙሾው ከዳገቱ ማዶ ሲሰማ እሷ ደጇ ላይ ቁጭ ብላ «ይኸንንማ እንዲህ አይሉትም» እያለች ትንገበገባለች። ለቅሶ የማይደርስ ሰው እኛ አገር ግማሽ ሙት ነው።

እንዲህ ሳለች በጦርነቱ አካላቸው የጎደለውን የሚረዳ ድርጅት መጣ። ቃልኪዳን የምትባል ልጅ፣ የድርጅቱ ሠራተኛ፣ ቤት ለቤት እየዞረች አይታ «እማማ፣ ለቀበሌያችሁ የደረሰው አንድ ሰው ሠራሽ እግር ነው፤ እሱም ለእርስዎ ተፈቅዷል። የሚለኩ ባለሙያዎች አርብ ገበያ ከተማ ሲመጡ በኮሚቴው በኩል እናስጠራዎታለን» አለቻት። ሐረገ ወይን የልጅቱን እጅ ይዛ አልለቅ አለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ የተቆረጠው እግሯ እንኳ ሲያሳክካት «እግሬ እየመጣ ነው» ትል ጀመር።

ኮሚቴው ማለት ክንዱ ነው። ክንዱን ማወቅ የፈለገ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ይስማ፤ ክንዱ እንዳይቆጨው የሚጠነቀቅ ሰው ነበር። የእርዳታ ዘይት ሲመጣ የእሱ ቤት ወጥ ይወዛል። ይሁንና በዚህኛው ነገር ሰበብ አላጣም፤ የሚስቱ ወንድም ንጉሴ የዛሬ ስንት ዓመት መኪና ተገልብጦበት እግሩን አጥቷል፤ እቤታቸው ነው የሚኖረው። ሚስት ቀን በቀን ትነዘንዛለች፤ «ለባዳ የሚሆን እግር ለወንድሜ ይጥፋ?» እያለች። የድርጅቱ ደንብ ደግሞ የተፈቀደለት ሰው ካልሞተ በቀር ሌላ አይተካም የሚል ነው። ክንዱ አሰበ። መንገዱ እንደሆነ በተከፈተ ቁጥር መልሶ ይዘጋል፤ ማን ወጥቶ ማን ወርዶ ያጣራል? ሴቲቱም ከደጇ አትርቅ። ስልኩን አነሣና «ሐረገ ወይን የምትባለዋ ሞታለች፤ በእሷ ቦታ ንጉሴን አስገቡልን» አለ። ለንጉሴም ይህንኑ ነገረው።

ገዳይ ብዙ አይተናል። አልቃሽን በቃሉ ገድሎ እፎይ ብሎ የሚተኛ ሞኝ ግን ክንዱ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሐረገ ወይን ደጃፏ ላይ በስፌድ ገብስ ስትለቅም፣ ያች ልጅ ቃልኪዳን ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዓይኗ ቀልቶ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች። ቀና ብላ አየችና ባለችበት ዘጭ አለች። ሦስቴ አማተበች።

«ምነው ልጄ? ምን ነካሽ? ማን ሞቶብሽ ነው?» አለች ሐረገ ወይን፣ ስፌዱን አስቀምጣ።

«እርስዎ» አለች ልጅቱ።

ለቅሶ ልትደርስ ነበር የመጣችው። ውሃ ጠጥታ ትንፋሿ ሲመለስላት ሁሉንም ነገረቻት፤ ክንዱ የደወለውን፣ ንጉሴ የተተካውን፣ ባለሙያዎቹ አርብ ገበያ ጤና ጣቢያ መሆናቸውን፣ ነገ ዓርብ ጨርሰው እንደሚመለሱና በቅርቡ እንደማይመጡ። ስልኳን አወጣች፤ «አሁን ልደውልና በሕይወት አሉ ልበላቸው።»

«ተይው» አለች ሐረገ ወይን። «በስልክ ሞቼ በስልክ አልነሣም። የቀበረኝ ሰው ራሱ ያወጣኛል። አንቺ ነገ እዚያው ጠብቂኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሲሰማ ደሙ ይፈላል፣ ይሳደባል፣ ወደ ጣቢያ ይሮጣል። ሐረገ ወይን ደስ አላት። ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው፤ እግሯ ከተቆረጠ ወዲህ እንዲያ ደስ ብሏት አያውቅም። ገብሷን እየለቀመች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ቆም ትልና ትስቃለች። እመቤት «እማዬ፣ አሞሻል እንዴ?» ብትላት «ሞቻለሁ እንጂ አላመመኝም፤ ጥቁር ልብሴን አውጪልኝ» አለቻት።

የክንዱ ቤት አርብ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ዓርብ ጠዋት፣ ገበያተኛው አህያውን ጭኖ መንገዱን ሲሞላው፣ ሐረገ ወይን ጥቁር ለብሳ፣ ማቅ ታጥቃ፣ በምርኩዞቿ ተደግፋ ክንዱ ደጃፍ ቆመች። እመቤት ከአጠገቧ አንድ የቀኝ እግር ኮንጎ ጫማ ከፍ አድርጋ ይዛለች። የሟች ልብስና ዕቃ እንደሚያዝ መሆኑ ነው። ከዚያ ያ ድምፅ ወጣ።

«መድፉን አመለጥሁት በአንድ እግሬ ዘልዬ፣
በክንዱ አፍ ሞትሁ ወይ፣ ወይ እኔ ገላዬ።»

ሙሾ እየሰማ የሚያልፍ ክርስቲያን የለም። ገበያተኛው ጭነቱን አወረደ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ወንዶቹ ዱላቸውን ተመርኩዘው ቆሙ።

«ማን ሞተ?»

«ሐረገ ወይን።»

«ይች የምታለቅሰዋ እሷ አይደለችም እንዴ?»

«እሷ ናት። ክንዱ ነው የገደላት፤ እግሯን ለአማቹ ሊሰጥ።»

«ጫማዬ ይመስክር፣ እኔስ ሰው ቸገረኝ፣
እግሬን ላማቹ ሰጥቶ በቁሜ ቀበረኝ።»

ያወቀ ላላወቀ እየነገረ ሳቅ ተነሣ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ከሴቶቹ መካከል ልጇ በዚህ ሁሉ ተኩስ የት እንደወደቀ የማታውቅ፣ ሬሳውንም ያላየች እናት ነበረች፤ እሷ ደረቷን መታች። ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሌላዋ። መርዶ የሰሙ እንጂ ያልቀበሩ ብዙ ነበሩ። የሐረገ ወይን የውሸት ሞት የእውነተኞቹን ሙታን ቀሰቀሰና ደጁ ሁሉ የምር ለቅሶ ሆነ።

ክንዱ ጋቢውን እየጎተተ ወጣ። «ምን ዓይነት ሟርት ነው ደጄ ላይ? ሂጂ ከዚህ!»

«ለቅሶ ይከለከላል ወይ?» አሉ አንድ ባላገር ሽማግሌ፣ አህያቸውን ይዘው።

ሐረገ ወይን ወደ ክንዱ ዘወር ብላ ዓይን ዓይኑን እያየች ቀጠለች።

«ንፍሮዬን አውጣልኝ፣ ለቀስተኛው ይብላው፣
የገደለስ አይደል ተዝካር የሚያወጣው?»

«ንፍሮ! ንፍሮ ይውጣ!» አሉ ጎረምሶቹ። የክንዱ ሚስት ከውስጥ በሩን ቀረቀረችው፤ ባልዮው ውጭ ቀረ። ሕዝቡ እየበዛ ሄደ። እሱ ወዲያ ቢል ዓይን፣ ወዲህ ቢል ዓይን። ፊቱ ከሰል መሰለ። ሐረገ ወይን ይህን እያየች ድምፅዋ እየጠራ፣ ወገቧ እየቀና ሄደ።

የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ወልደ ጊዮርጊስ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። «አንቺ ሐረገ ወይን፣ በቁሙ ላለ ሰው ይለቀሳል? ኃጢአት አይደለም ወይ?»

«አባ፣ እኔ ሙት ነኝ። ካላመኑ ክንዱን ይጠይቁት። ፍትሐት እንኳ ሳይደረግልኝ ነው የቀበረኝ።»

አባ መስቀላቸውን አወጡ። «ክንዱ፣ እውነት ነው?»

«ሰው… ሰው ነግሮኝ ነው» አለ ክንዱ።

«ማን?»

መስቀል ፊት ሌላ ስም መጥራት አልደፈረም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ በስልክ ያለውን ቃል ማንም ሊመልስለት አልቻለም።

«ልጄ» አሉ አባ ወደ ሐረገ ወይን ዞረው፣ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው። ይቅር በይውና ነገሩን በሽማግሌ እንየው።»

«ለይቅርታው እንደርሳለን አባ። ዛሬ እግሬ የሚለካበት የመጨረሻ ቀን ነው። ሞታለች ያለበት ቦታ ይሂድና አልሞተችም ይበል፣ በአፉ። እኔንም ይውሰደኝ። ሬሳ በእግሩ አይሄድም፤ ቃሬዛ ያምጣ።»

አባ ትንሽ አሰቡ። «አምጡ» አሉ።

ቃሬዛው መጣ። ከፊት ክንዱ፣ ሌላውን ጫፍ ወንድሞቹ ተሸከሙ። ሐረገ ወይን እጆቿን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ሰማይ ሰማይ እያየች ተጋደመች። ቃሬዛ ሲያልፍ መንገደኛ ቆቡን አውልቆ መቆም፣ ማን እንደሆነ መጠየቅ ልማዱ ነው። በየመታጠፊያው ጠየቁ።

«መልስላቸው እንጂ» ትላለች ከላይ፣ ክንዱ አቀርቅሮ ሊያልፍ ሲል።

«ሐረገ ወይን ናት» ይላል ክንዱ፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ።

«ነፍስ ይማር!»

«ገና ነኝ» ትላለች ሬሳዋ፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ዳገቱ ላይ ክንዱ ሲደናቀፍ «ቀስ በል፣ እንዳትጥለኝ፤ ሁለቴ አትገድለኝ» አለችው። ከገበያው መሐል የተሻለ አቋራጭ ነበር። እሷ ግን «በገበያው» አለች፤ በገበያው ሄዱ።

ጤና ጣቢያው ሲደርሱ ቃልኪዳን በር ላይ ነበረች። ውስጥ ንጉሴ አልጋ ላይ ተቀምጧል፤ ጉልበቱ ተጋልጧል፤ ባለሙያው ለልኩ የሚሆነውን ጀሶ ሊበጠብጥ ውሃ ቀድቷል። ንጉሴ ሐረገ ወይንን ሲያይ ክው አለ።

«ተናገር» አለች እሷ፣ ቃሬዛው ላይ እንደተቀመጠች።

«አልሞተችም» አለ ክንዱ፣ መሬት መሬት እያየ። «ዋሽቼ ነው።»

ባለሙያው አንዴ ንጉሴን አንዴ ሐረገ ወይንን አየ። «የተፈቀደው ለአንድ ሰው ነው፤ ያለኝም ለአንድ የሚሆን ብቻ ነው» አለ።

«እትዬ ሐረገ ወይን» አለ ንጉሴ፣ «ሞታለች ብሎኝ ነበር። ቤተ ልሔም ገዳም ድረስ ተወስጄ ሻማ አብርቼልሻለሁ።»

ንጉሴ ምን በደለ ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። እሷም ሳትለው አልቀረችም፤ ፊቷ ትንሽ ሲላላ ቃልኪዳን አይታለች። ግን ማን ነው እግር የጎደላቸውን ሁለት ሰዎች በአንድ እግር ፊት ያቆማቸው?

«ሻማህን ይቀበልልህ» አለች ሐረገ ወይን። «እግሩ ግን የኔ ነው። የሰው እግር ያቀበለህን ሰው ጠይቀው።»

ንጉሴ ምርኩዙን ሳብ አድርጎ ከአልጋው ወረደ። ክንዱን አላየውም። ቃልኪዳን እንባዋን እየጠረገች «ሌላ ዙር ከመጣ ቅድሚያ እንዲሰጥህ እጠይቃለሁ» አለችው፤ እሱም «ከመጣ» አለ። ያን ዕለት ክንዱ ሐረገ ወይንን ባመጣበት ቃሬዛ አማቹን ተሸክሞ ተመለሰ፤ ምርኩዙ ሲመለሱ ገበያው ግርግር ውስጥ ተሰብሮበት ነበርና። ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ወንድሟን አየች፤ የሌለውን እግሩን አየች፤ ከዚያ ባሏን አየችው። እስከ ዛሬ ከራት በቀር ቃል እንኳ እንዳላቀረበችለት ይወራል።

ሰው ሠራሹ እግር ከመስቀል በኋላ መጣ። ሐረገ ወይን መጀመሪያ ስትለማመድ ወደቀች፤ ተነሣች። ኅዳር ሲገባ ዳገቱን ወጥታ የሩቅ ለቅሶ ደረሰች። አገሩ «ተነሣች!» አለ። ከኮሚቴው የተሻረው ክንዱ ሽማግሌ ላከ፤ መለሰችው። ደግሞ ላከ፤ ደግማ መለሰች። በመጨረሻ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ራሱ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ደጇ ላይ ተንበረከከ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ይኸኛው ግን የወጋውም መርሳት አልቻለም። በሄደበት ሁሉ ያች ሙሾ ትከተለዋለች፤ ልጆች እንኳ ከብት ሲያግዱ ይሏታል።

«ስለ እግዚአብሔር ብለሽ፣ ስለ እመቤቴ ማርያም ብለሽ» አለ። «ይቅር አልሽኝ፣ እትዬ?»

ሐረገ ወይን በአዲሱ እግሯ ቆማ ቁልቁል አየችው።

«አላልሁም» አለች። «ግን ዕድሜ ይስጥህ፤ እንድትቸኩል አልፈልግም። የሞትህ ቀን የትም ብሆን እመጣለሁ፤ አሁን እግር አለኝ። ሙሾህንም ጨርሼዋለሁ። ልበልልህ ወይስ ይቆይ?»

ክንዱ ቀና ብሎ አያት።

«ይቆይ፣ እትዬ» አለ። ድንጋዩን እንደተሸከመ ወጣ።