ለሐኪም ደህና ነኝ የሚል በሽተኛ

አባቴ ታሞ አያውቅም። ማለቴ፣ ታሟል፤ ግን ለማንም ነግሮ አያውቅም። ከሠላሳ ዓመት በላይ በአንድ የመርከብ ጥገና ወርክሾፕ ሲሠራ የእንፋሎት ቧንቧዎች ላይ አስቤስቶስ የሚባል የሙቀት መከላከያ ይጠቀልል ነበር። ጅቡቲ ውስጥ በፈረንሳይኛው አሚያንት እንለዋለን። ብናኙ ለካስ ሳንባው ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል፤ ያወቅነውም በራጅ ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ ከሃያብለ ፌርማታ እስከ ቤታችን ያለችውን አጭር መንገድ ሦስት ቦታ ቆሞ ነበር የሚጨርሳት። ሲቆም ደግሞ የሱቆቹን ዕቃ የሚያይ ይመስላል።

ጉዳዩን በነፃ የያዘችልን፣ ካርቲየ ሁለት በሚባለው ሰፈር ቢሮ ያላት እሳት የላሰች ሶማሌ ጠበቃ ነበረች። ዶራሌ አዲሱ ወደብ በተከፈተ ሰሞን ነው። የፈለግነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሐኪሞች ቦርድ በሽታው ከሥራው የመጣ መሆኑን አምኖ አሠሪው እንዲያሳክመው። እኔ አምቡሊ ኤርፖርት ሻንጣ እየመዘንኩ በማገኛት ደመወዝ ሕክምናውን መቀጠል የማይታሰብ ነው።

የአባቴ ፈረንሳይኛ ስለ መፍቻ እንጂ ስለ ሳንባ አያወራም፤ ስለዚህ አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። ቦርዱ ፊት ስንቀርብ ሰብሳቢው፣ አንድ ጨዋ ሽማግሌ ሐኪም፣ "እንዴት ነዎት?" አሉት።

አባቴ ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ። እርስዎስ? ቤተሰብ ደህና ነው?" አለ።

እኔ ሞኟ አንዲት ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩት። ሐኪሙ ደስ ብሏቸው ስለ ልጆቻቸው አወሩን። ከሁለት ሳምንት በኋላ የደረሰን ወረቀት ግን፣ ታካሚው በጣም ደህና መሆኑን በራሱ አንደበት ገልጿል ይላል። ጥያቄያችን ውድቅ።

"አንቺስ እንደ ቴፕ ያሉሽን ሁሉ ትደግሚያለሽ?" ብላ ጠበቃዋ እኔ ላይ ወረደችብኝ። ይግባኝ ብላ ሌላ ቀጠሮ አገኘችና አባቴን ታለማምደው ጀመር። በዐረብኛ እንዴት ነህ ስትለው "አልሐምዱሊላህ" ይላል። በሶማሊኛ ሞከረችው፤ በሶማሊኛም ደህና ነው።

"ታዲያ ምን ልበል ልጄ? ሰው ሰላም ባለኝ ቁጥር ሳንባዬን ልዘርግፍለት?" አላት አባቴ።

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ እሷም ተሸንፋ ሳቀች።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ አፋቸውን ሳይከፍቱ ጠበቃዋ ቀደመቻቸው። "እባክዎ፣ እንዴት ነዎት አይበሉት። ስለ እንቅልፉ ይጠይቁልኝ።"

ጠየቁት። አባቴ ባርኔጣውን እጁ ላይ አገላበጠ። እኔን አላየኝም።

"አልጋ ላይ መተኛት ከተውኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ" አለ። "ስጋደም ትንፋሽ ያጥረኛል። ግድግዳ ተደግፌ ነው የማድረው። ሳሌን ልጄ እንዳትሰማ ብዬ፣ በሙቀቱ አሳብቤ ማደሪያዬን ወደ ግቢ አወጣሁ።"

ሐኪሙ እስክሪብቶ ይዘው ትርጉሙን ይጠብቃሉ። ጠበቃዋ በክርኗ ስትነካኝ እንደምንም ተረጎምኩት።

ቦርዱ በወሩ ጥያቄያችንን ተቀበለ። ጠበቃዋ ስልክ ላይ በደስታ ጮኸች፣ አባቴም መረቃት። እኔ ግን አፍሬ ነበር። በየማለዳው እንዴት አደርክ እያልኩት፣ መልሱን በቅጡ ሳልሰማ ወደ ሥራዬ እሮጥ ነበር። አባቴ ምን ያህል እንደታመመ የሰማሁት ከማያውቁት ሐኪሞች ጋር እኩል ነው።