የደሃና ውሾች አያት

ደሃና ውስጥ ልጅ ሲታጭ ሰባት ቤት ይቆጠራል። በምስጋናው መንደር ግን ለውሻም ይቆጠራል፤ ሰው እንደሆነ ሥራ አያጣም። ቡችላ የፈለገ ሁሉ ገብስ ቋጥሮ ወደ ምስጋናው ግቢ ይመጣል፤ የእሱ ውሾች ጥንት ዋግን ይገዙ ከነበሩት ዋግሹሞች አዳኝ ውሾች የወረዱ ናቸው ይባላልና። ደረታቸው ሰፊ፣ ጅብ የማይፈሩ። ወሬውን ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም። አባቱ ሲሰሙ ፈገግ ብለው ዝም ይሉ ነበር፤ ምስጋናውም ዝምታውን ከነግቢው ወረሰ።

ዘንድሮ ያ ወሬ ነፍስ የሚያተርፍ ሆነ። ጦርነቱ ተራራው ላይ ከርሞ ሲያልፍ የሞቱት ሳይቀበሩ ቆይተው ነበርና፣ ሽማግሌዎች ወደዚያ የወጣ ውሻ ሁሉ ይገደል አሉ። ሰው የቀመሰ ውሻ ሕፃን አይተውም ነው ነገሩ። የምስጋናው ውሻ መከታም ወጥታ ነበር፤ የወጣችው ልጁን ይስማውን ተከትላ ነው። ይስማው አልተመለሰም፤ አስከሬኑም አልተገኘም። እሷ ግን ከሳምንታት በኋላ ብቻዋን መጣች። ከስታም አልነበረም።

ምስጋናው አሰራት። ለቅሶ ተቀመጠ፤ ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ፣ ለሚሉት ሁሉ "እሺ" አለ። ሚስቱ ማስተዋል ደረቷን ስትመታ እሱ ቀንበሩ ላይ ያለውን ስንጥቅ ያይ ነበር። ደንዝዟል፤ ሌላ ስም የለውም። መከታ ብትገደል ይሻለው እንደሆነም አያውቅም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ግቢው ገቡ። የሁሉ ታላቅ አባ ወልደ ጻድቅ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

"ምስጋናው፣ ተማክረናል" አሉ። "ዘራቸው ያልታወቀውን አስወግደናል። ከአንተ ግቢ የወጡት ግን ይቅሩ። የዋግሹም ዘር እንዲህ ያለ ነውር አይሠራም።"

የእሳቸውም ውሻ ከዚሁ ግቢ የወጣ ነው፤ ተራራው ላይም ታይቷል። ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ ያነሣው ግን የለም።

ምስጋናው "እሺ" ቢል ነገሩ አለቀ። ሲል የከረመውም እሱኑ ነበር። ግን ለማስመሰልም አቅም ያስፈልጋል፤ የእሱ አቅም ደግሞ ተሟጧል።

"የዋግሹም አይደሉም አባ" አለ። "የሰባ ሰባት ናቸው።"

"እንዴት ያለ ነገር ነው?"

"በዚያ ድርቅ እናቴ እኔን ይዛ እህል ወደሚታደልበት ስትሄድ መንገድ ላይ ውሻ አገኘን። የወደቁትን ሰዎች ትበላ ነበር። አብረውን የሚሄዱት ሊገድሏት ድንጋይ አነሡ። እናቴ 'እኛ ካልሰጠናት ምን ትብላ?' ብላ ከፊቷ ቆመች። ከዚያ ወዲያ ተከተለችን። እኔ መራመድ አቅቶኝ ስወድቅ፣ እናቴ ውኃ ፍለጋ ስትሄድ፣ ጅብ ከእኔ ያባረረች እሷ ናት። ይዘናት ተመለስን፤ እዚህ ወለደች። ከዚህ ግቢ የወሰዳችሁት ሁሉ የእሷ ዘር ነው።"

ድምፁ የዝናብ ወሬ የሚያወራ ሰው ድምፅ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዘሩ ይህ ከሆነ ሁሉም ይገደሉ ለማለት አፉን ከፈተና፣ የራሱን በር የሚጠብቀው የማን ዘር እንደሆነ ትዝ ሲለው መልሶ ገጠመው።

"እንግዲህ ምን ይሁን ትላለህ?" አሉ አባ ወልደ ጻድቅ።

"እርስዎ ያውቃሉ። ብትገሏትም፣ ብትተዋትም።"

አዛውንቱ ወደ ታሰረችው ውሻ ዞሩ። "ያንን ያየች እናትህ ካልገደለቻት፣ እኛ ማን ነን?" አሉና ወጡ። ሌሎቹም እርስ በርስ ሳይተያዩ ተከተሏቸው። ቀድሞ የተገደሉትን ውሾች ስም የጠራ አልነበረም።

ምስጋናው ወደ መከታ ሄዶ ገመዷን ፈታ። አልሸሸችም። አጠገቧ ቁጭ አለ። ደንዝዞ የከረመው ሰው ድንገት ፈራ።

"ይስማውን አግኝተሽው ነበር?" አላት።

መከታ እጁን ላሰችው። አፏንና ጥርሷን አየ። እጁን ግን አልሳበም፤ እዚያው እንደተቀመጠ ለልጁ ማልቀስ ጀመረ።