በሁዳዴ የገዛሁት ጊታር

በዚያ ዓመት ከሁሉ አብልጬ የምፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ወንድሜ ጥሎኝ ይሄዳል ብዬ።

እናታችን ስታርፍ እርሱ የስድስት ዓመት ሕፃን ነበር። እኔ ከድጓ ቤት ተመልሼ፣ አሰላ ላይ በአንዲት ደብር መሪጌታ ሆኜ፣ ሚስት ካገባሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። እናቴ እጄን ይዛ «ይህን ልጅ ከዐይንህ አታርቀው» አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልተናገረችም። እግዚአብሔር ለእኔና ለባለቤቴ ልጅ ስላልሰጠን፣ ወንድሜም ልጃችንም እርሱ ሆነ። ፊደል አስቈጠርሁት፤ ዳዊት አስደገምሁት፤ ድምፁ ያማረ ስለ ነበር ዜማም ጀመርሁለት። እርሱ ግን ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ገባና በዚያው ቀረ። አንድ የውጭ አገር መምህር ጊታር አስነካው። ከዚያች ቀን ወዲህ ጣቶቹ ዕረፍት አጡ፤ በማዕድ ጠርዝ ላይ፣ በገዛ ጉልበቱ ላይ፣ በዳዊቱ ገበታ ላይ ሳይቀር ሲደረድሩ ይውላሉ።

የዚያ ዓመት የካቲት የሚረሳ አይደለም። መምህራኑ ሥራ አቆሙ፤ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ተማሪው እየጮኸ አደባባይ ወጣ። ማታ ማታ እናቶች በየደጃፉ ቆመው የልጆቻቸውን መግባት ይጠባበቃሉ። ወንድሜ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር። ሥራ የለው፣ ትምህርት የለው፤ ወደ ናዝሬት የሚወርደውን አውቶቡስ ሲመለከት ባየሁ ቍጥር ስሙን ጠርቼ አንድ ነገር አዘዋለሁ። ናዝሬት ላይ ሙዚቃ የሚጫወቱ ወጣቶች እንዳሉ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ሩቅ እንዳልሆነ ከአፉ ሰምቼአለሁ።

አንድ ቀን በራት ላይ «ጋሼ፣ እኔ የተወለድሁት መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ክርስትና የተነሣኸው በሚያዝያ ጊዮርጊስ ነው» አልሁት።

«ክርስትናውንማ ዐውቀዋለሁ። ልደቴን ነው የምጠይቅዎት። ሰው ሃያ ዓመት ሲሞላው ቀኑን ያከብራል።»

በቤታችን የልደት ቀን የሚጽፍ አልነበረም። ነገር ግን ወንድ ልጅ የሚጠመቀው በአርባ ቀኑ ነውና፣ ከጊዮርጊስ ወደ ኋላ አርባ ቀን ቈጠርሁለት። መጋቢት አጋማሽ ላይ ደረስሁ። ሃያኛ ዓመቱ ሊሞላ የቀሩት ሁለት ሳምንታት ነበሩ፤ ቀኑም በሁዳዴ ጾም መካከል ዋለ። ምን እንደሚመኝ ሳይነግረኝ ዐውቄ ነበር።

እርሱ ሲወጣ ባለቤቴ ገበታውን እያነሣች «ላም በጨው ትመለሳለች እንጂ በዱላ አትመለስም» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«የሚወደውን እዚህ ቤት አስቀምጥለት። ጊታር ግዛለት።»

«በሁዳዴ?»

«የምትጾመው አንተ ነህ። ጊታሩ ሥጋ አይበላ!»

እርስዋ ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። በሁዳዴ እኛ እንኳ ከበሮውን ሰቅለን፣ ጸናጽሉን አስቀምጠን፣ በመቋሚያ ብቻ የምንዘምም ሰዎች ነን። ጾመ ድጓ የሚያስተምር መሪጌታ ቤት፣ በአቢይ ጾም፣ የዘፈን ዕቃ ሲጮኽ ቢሰማ ምን እንደሚከተል አሳምሬ ዐውቀዋለሁ። የነፍስ አባቴ ለማንም የማያደሉ፣ ቃላቸውን የማያጥፉ ካህን ነበሩ። ሌሊቱን ሁለቱ ፍርሃቶች ወዲያና ወዲህ ሲጐትቱኝ ዐደርሁ። ነግቶ ስነሣ ግን የበረታው የልጁ ነበር።

ራዲዮና የባትሪ ድንጋይ የሚሸጥ፣ ከጉራጌ አገር የመጣ አንድ እስላም ነጋዴ ነበር። ቤቱ ከቤቴ ጋር በአንድ አጥር ይዋሰናል። ከአዲስ አበባ ሦስት ጊታሮች ማምጣቱን ሰምቼ ስለ ነበር፣ ገበያተኛ በማይበዛበት ቀን በቀትር ወደ ሱቁ ገባሁ።

«መሪጌታ! ጊታር ደግሞ ለማሕሌት ሆነ እንዴ?»

«ዝም በል ባክህ! ይልቅ በሩን ገርበብ አድርገው።»

መጀመሪያ የሰጠኝ ሆዱ ክፍት የሆነውን፣ ተራውን ነበር። አንዷን ክር ብነካት ድምፁ ሱቁን ሞላው፤ በመደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች መለሱለት፤ በመንገድ የሚያልፉ ሁለት ሴቶችም ዘወር አሉ። እንደ ጋለ ብረት ወዲያው ለቀቅሁት።

የቀሩት ሁለቱ ጠፍጣፎች ነበሩ፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ። ጥቁሩን አንሥቼ ብነካው ትንኝ በጆሮ ሥር የምታልፍ ያህል ተሰማ።

«ይህ ምን ነካው?»

«የኤሌክትሪክ ነው። በሽቦ ከማጉያ ጋር ካልተገናኘ አይናገርም።»

«መብራት በሌለበት ቤትስ?»

«መብራት ከሌለማ እንጨት ነው፣ መሪጌታ።»

በቤቴ የሚበራው ፋኖስ ነበር። የመብራቱ ሽቦ ከነጋዴው ቤት አልፎ አልመጣም። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ ወደ ልቤ ገባ፤ ብልሃት መሰለኝ፤ እግዚአብሔርንም አመሰገንሁበት። ልጁ የሚወደው ዕቃ በቤቱ ይኖራል፤ ዕቃው ግን አይጮኽም። ሁዳዴው ሁዳዴ፣ ልጁም ልጅ እንደ ሆነ ይቈያል።

የቀረው ከሁለቱ መምረጥ ነበር። ከበሮ ስንመርጥ እንደምናደርገው ጆሮዬን ከእንጨቱ ላይ ለጥፌ ክሮቹን አንድ በአንድ ነካሁ። በልቤ ጥቁሩን መርጬ ነበር፤ ለዐይን አይጋለጥምና። ነገር ግን ከአንገቱ ወረድ ብለው ሲይዙት ድምፁ ይዛነፋል፤ ጣት በቈነጠጠው ስፍራ የሚገባው ቃና አይወጣም። ነጋዴው ክሩን ደጋግሞ እንዲያጠብቀው ባደርግም አልተስተካከለም። ቀዩ ግን ከላይ እስከ ታች ቃናው የቀና ነበር፤ ትንሽ ቢሆንም እውነተኛ ድምፅ ነው። ዐሥራ አምስት ዓመት የተማሪ ዜማ ሲያርም የኖረ ጆሮ ለፍርሃት ሲል ጠማማውን ሊመርጥ አልቻለም። ቀዩን ያዝሁ።

ነጋዴው በጨርቅ እየወለወለው ቀስ ብሎ «ቤትዎ መብራት የለም እኮ» አለኝ።

«ዐውቃለሁ።»

«ልጁስ ያውቃል?»

«አንተ ዕቃህን ሽጥ!»

በጋቢዬ ጠቅልዬ እንደ ታመመ ሕፃን ዐቅፌው ወጣሁ። ከጭላሎ የሚወርደው ነፋስ ጋቢውን እየገለጠ ሲያስጨንቀኝ፣ ከመታጠፊያው ላይ ከነፍስ አባቴ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ተሳለምሁ። የእሑድን ምንባብ ጠየቁኝ፤ መለስሁ። ዐይናቸው ከጋቢው ላይ ለአፍታ ዐረፈ።

«ብርዱ በርትቶአል፤ ጋቢህን ለምን አትለብሰውም?»

«ቅርብ ነው ቤቴ፣ አባ።»

አልፈው ሄዱ። እኔ ግን ከዐይኔ እስኪሰወሩ ድረስ አጥር ተደግፌ ቆምሁ።

ልደቱ በዋለበት ቀን ባለቤቴ የጾም ዳቦ ጋገረች። ወንድሜ ሻማ አብርቶ እፍ ማለት እንደሚገባው ቢነግረን ጧፍ አቀረብንለት። «ጧፍ በትንፋሽ አይጠፋም፤ ነውር ነው» ብላ ባለቤቴ ተቈጣችው፤ እርሱም እየሳቀ በሁለት ጣቱ ቈንጥጦ አጠፋው። በፊቱ ያኖርሁለትን የጋቢ ጥቅል ሲፈታው ግን ሳቁ ቆመ። ጊታሩን ሳይነካ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከተው። ከዚያ በጉልበቱ ላይ አጋድሞ መጫወት ጀመረ፤ እኛም ሦስታችን ራስ ለራስ ገጥመን እንደ ምሥጢር አደመጥነው። በዚያች ሰዓት ከእኔ ይልቅ የታደለ ሰው ያለ አልመሰለኝም።

ሲጨርስ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ የኤሌክትሪክ ነው» አለኝ።

«እንዴታ! የተሻለውን ነው የመረጥሁልህ።»

አንገቱን ደፋ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለና ጫማዬን ሊስም ጐንበስ ሲል ዐቅፌ አነሣሁት። ፊቱን ግን አላሳየኝም።

በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ገና ከቀትር ሳይርቅ ባለቤቴ ከማስተምርበት ድረስ መጣች። እርስዋ እዚያ መጥታ አታውቅም።

«ጊታሩ ከአልጋው ሥር የለም» አለችኝ። «ልጁም የለም። ልብሱን አጥፎ አስቀምጦአል።»

ወዴት እንደምሄድ አልጠየቅሁም። ከአውቶቡሱ መቆሚያ አጠገብ ማጉያ ያለው አንድ መሸታ ቤት ነበር። ጥምጥሜን እንደ ጠመጠምሁ በዋናው መንገድ ላይ ሮጥሁ፤ ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር። ገና ሳልደርስ ሰማሁት። ያ በሱቁ ውስጥ እንደ ትንኝ የነበረው እንጨት የቤቱን ቆርቆሮ ያንቀጠቅጥ ነበር። በደረቴ ውስጥ ገብቶ እንደሚመታኝ ሆኖ ተሰማኝ፤ ከደጃፉ ላይ ቆምሁ።

የመሸታ ቤቱ ባለቤት አየችኝና እጆችዋን በመቀነትዋ እየጠረገች ተንደርድራ ወጣች። «ውይ፣ መሪጌታ! ምነው፣ ሰው ሞተ?»

ጠጪው ሁሉ ብርጭቆውን ከኋላው እየሸሸገ ተነሣ። ወንድሜ መጫወቱን አቆመ። ማጉያው ብቻ እንደ ንብ እየጮኸ ቀረ። ከባንኮኒው አጠገብ የተቀመጠው የአውቶቡሱ ሹፌር ግን አልተነሣም፤ ፈገግ ብሎ «መሪጌታ፣ መርቁት እንጂ! ሰኞ ጠዋት ከእኔ ጋር ይወርዳል፤ ናዝሬት ያሉት ሙዚቀኞች ይጠብቁታል» አለኝ።

ወንድሜን ወደ ውጭ ጠራሁት። ከግድግዳው ሥር ቆምን።

«ሳትነግረኝ ልትሄድ ነበር?»

«እሑድ ማታ ልነግርዎት ነበር።»

«ምን አጐደልሁብህ?»

በጫማው ጫፍ አፈሩን ጫረ። «ጋሼ፣ ሲገዙት ድምፅ እንደማይኖረው ያውቁ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። «ዐውቅ ነበር» አልሁት።

«አፉን ለጉመው ነው የሰጡኝ።»

«ፈርቼ ነው።»

«ማንን?»

ልጁን በቤት ላስቀምጥበት የገዛሁት ዕቃ ከቤት ያስወጣው መሆኑን ያን ጊዜ ገና ተረዳሁ። ከመብራት ውጭ የማይናገር ዕቃ ሰጥቼው መብራት ወዳለበት ሄደ፤ ከዚህ ሌላ ምን አደረገ?

«ቤታችን መብራት ቢገባ ትቀራለህ?»

«በሁዳዴ?» አለኝ፤ ዐይኑን አነሣ።

«በሁዳዴ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ አይችሉትም።»

ልጁ ማታውን ከነጊታሩ ወደ ቤት ገባ። እሑድ ከቅዳሴ እንደ ወጣሁ ወደ ነጋዴው ቤት ሄድሁ። ነገሩን ሁሉ ነገርሁት። ሳቀብኝ፤ ነገር ግን ሽቦውን በአጥሩ ላይ አሳልፎ እርሱ ራሱ ወደ ቤቴ ዘረጋልኝ። ጣቢያ መያዝ የተወ አንድ ትልቅ ራዲዮም አመጣና ጊታሩን ከእርሱ ጋር አገናኘው። «ጣቢያውን እንጂ ድምፁን አልተወም» አለ። ወደ ማታ መብራቱ በቤቴ በራ። ባለቤቴ እጅዋን በአፍዋ ላይ ጭና በጥላሸት የጠቈረውን ግድግዳ ትመለከት ነበር። ወንድሜም ክሩን ነካ።

ድምፁ ከመሸታ ቤቱ ያነሰ አልነበረም። በየአጥሩ ራሶች ብቅ ብቅ አሉ፤ የልጆች ጩኸት ሰማሁ፤ ከዚያም የውጭው በር በበትር ተንኳኳ። ያን የበትር አመታት ዐውቀዋለሁ።

ወንድሜ እጁን በራዲዮው ቍልፍ ላይ አድርጎ «ጋሼ፣ ልቀንሰው?» አለኝ።

«ተወው» አልሁትና ወጣሁ።

የነፍስ አባቴ ከውጭ ቆመዋል። ሰላምታዬን አልተቀበሉም። «ቤትህ ላይ ምን ወረደ?»

«የወንድሜ ጊታር ነው፣ አባ።»

«በጾም? ባንተ ቤት?»

«በእኔ ቤት።»

«አስቁመው።»

«ካስቆምሁት ነገ ይሄዳል። ከሄደ አላገኘውም።»

በትራቸውን ተደግፈው አደመጡ። ወንድሜ አንድ ጊዜ እንኳ አልሳተም። በመጨረሻ፣ ቍጣም ሳይኖርበት፣ ይልቁንም የደከማቸው ይመስል «እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ከማሕሌቱ ውጣ። ከምእመናን ጋር ከውጭ ቆመህ አስቀድስ። ጾመ ድጓውን ደቀ መዝሙርህ ይምራ» አሉኝ። እጅ ነሥቼ ተቀበልሁ። የትንሣኤን ሌሊት አስቤ እንባዬ መጣ፤ በጥምጥሜ ጫፍ ጠረግሁት።

ቤት ስገባ ለማንም አልተናገርሁም።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ የናዝሬቱ አውቶቡስ ጡሩምባውን ነፋ። አንድ ጊዜ፤ ቈይቶ ደግሞ ሁለተኛ። ተኝቼ አልነበረም። ተነሥቼ በባዶ እግሬ እስከ ወንድሜ ክፍል ሄድሁና መጋረጃውን ያዝሁ፤ መግለጥ ግን ፈራሁ። የአውቶቡሱ ሞተር እየራቀ ሄዶ እስኪጠፋ ድረስ እንደዚያው ጨርቁን ጨብጬ ቆምሁ።

ከውስጥ የእንቅልፍ ድምፅ «ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«ጋሼ? ለኪዳኑ ጸሎት አልሄዱም እንዴ?»

«ዛሬ እዚሁ ነኝ» አልሁት። «ተኛ።»