የተያዘ ግንባር

እናቴ ሐሳዌ መሲሕን የምታውቀው እንደ ጎረቤት ነው። የሚመጣበትን ቀን አታውቅም እንጂ አመጣጡን፣ አነጋገሩን፣ ማንን አስቀድሞ እንደሚያስት ጠይቋት፣ ቁጭ አድርጋ ትነግራችኋለች። ቀንድና ጅራት በሚያወጡለት ሰዎች ትስቃለች። «ቀንድ ቢኖረውማ ማን ይከተለው ነበር?» ትላለች። «መልከ መልካም ነው። አፉ ማር ነው። የተራበ ያበላል፣ ዕውር ያበራል።» ይህን የምትለው ሁለቱም ዓይኖቿ ላይ ሞራ ወርዶባት፣ ከምድጃው እስከ ደጃፉ ግድግዳ እየዳበሰች በምትሄድበት ጊዜ ነው።

መንደራችን ከዘመሮ ከተማ ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬድ ነው። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከገደሉ ሥር ይነሣና ገብሱን፣ በጎቹን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ሳይቀር ይውጠዋል። ልጅ ሳለሁ እናቴ ደጃፉ ላይ አቁማኝ፣ «ያን ጊዜም እንዲህ ነው የሚሆነው» ትለኝ ነበር። «ቀኑ ሳይመሽ ይጨልማል። ሰው አጠገቡ የቆመውን አይለይም። የሚጠራሽ ድምፅ የማን እንደሆነ ሳታውቂ አቤት እንዳትዪ።» ዛሬ ዓለም ከተማ በምትባለው ከተማ አስተማሪ ነኝ፤ ለተማሪዎቼ ጉም ከምን እንደሚሠራ ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስረዳለሁ። ወደ አገሬ ስወጣ ግን ጉሙ መሀል ስሜን የጠራኝ ሰው ካለ፣ ፊቱን ሳላይ አፌ አይከፈትም።

ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ ሌላ ልማድ አመጣች። ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር፣ ገና ሳትስመኝ፣ መዳፏን ግንባሬ ላይ ታሳርፋለች። ከዚያ አውራ ጣቷን ከአንዱ ጆሮ ግንዴ እስከ ሌላው ቀስ አድርጋ ታስኬደዋለች። ቀጥላ ቀኝ እጄን ተቀብላ ጀርባውን ትዳብሳለች። «ከሳሽ» ትለኛለች በመጨረሻ፣ ብወፍርም ብከሳም። እኔ ትኩሳት የምትለካ ይመስለኝ ነበር። የእናት ነገር ነው ብዬ እተወዋለሁ።

ባለፈው ዓመት፣ ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ የዓይን ሐኪሞች ዘመሮ እንደሚመጡ ሰማሁ። ደስታዬ እግሬን አላስቀምጥ አለኝ። በጎረቤት ስልክ አስጠርቻት፣ «እማዬ፣ የሞራ ሰዎች ሊመጡልሽ ነው!» አልኳት። በእኛ አገር ሞራ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው የታረደው በግ ሞራ ነው፤ ዘርግተው እያገላበጡ መጪውን የሚናገሩበት። የንስሐ አባቷ ደግሞ ይህን ነገር የሰይጣን ንባብ ነው እያሉ ሲያወግዙ ኖረዋል። እናቴም፣ «ሞራ ገላጭ ዘንድ ልትወስጂኝ ነው? በስተርጅና?» ብላ ስልኩን ለባለቤቱ መለሰችለት።

ተነሥቼ ሄድኩ። አጎዛዋ ላይ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ሞራው የበግ ሳይሆን የራሷ ዓይን እንደሆነ፣ ሰዎቹም ጠንቋይ ሳይሆኑ ሐኪም እንደሆኑ አስረዳኋት። ትንሽ ለሰለሰችልኝ። እኔ ግን ምን ለክፎኝ እንደሆነ አላውቅም፣ «ደጎች ናቸው እኮ፤ በነጻ ዕውር ያበራሉ!» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። እናቴ ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች። የሚያየኝን ሰው እንኳ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

የንስሐ አባቷ ባይኖሩ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አስጠራቻቸው፤ መጡ። ስለ ሐሳዌ መሲሕ ያስተማሯት እሳቸው ናቸውና የነገረቻቸውን ሁሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ከዚያ፣ «ሂጂ» አሏት፣ «ግን ዓይንሽን ገልጠሽ ሂጂ።» ለዕውር ሴት! ሁለቱም ፍርፍር ብለው ሳቁ። ጨዋታቸው እንዲህ ነው። በማግስቱ በርኖሷን ደርባ ተነሣች።

ዘመሮ ስንደርስ የጤና ጣቢያው ግቢ ጋቢ በለበሰ ሰው ተሞልቷል። የሚያስተናግደው ወጣት ነርስ አንደበቱ ለስላሳ ነው። «እማማ፣ እዚህ ፀሐዩ ላይ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር አመጣላት፤ ውኃ ሰጣት፤ ትከሻዋን ደገፍ አደረጋት። ደግነቱ በጨመረ ቁጥር እናቴ እየጠጠረች ሄደች። ጆሮዬን ሳብ አድርጋ፣ «አፉ ማር ነው» አለችኝ።

ወዲያው ነርሱ ነጭ ፕላስተርና እስክሪብቶ ይዞ ከሰልፉ መጀመሪያ ተነሣ። የሚታከመው ዓይን እንዳይሳሳት ቁጥር እየጻፈ ከዓይኑ በላይ ግንባር ላይ ይለጥፋል። ቀና ብዬ አየሁ። ሽማግሌው፣ አሮጊቱ፣ ሁሉም ዓይናቸውን ሰማይ ላይ ተክለው፣ ግንባራቸው ላይ ቁጥር ተለጥፎ በረድፍ ተቀምጠዋል። ነገሩ ምን እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። ቢሆንም ልጅ ሳለሁ ጉሙ ውስጥ ያሳየችኝን፣ ቁጥሩ በግንባሩ ወይም በቀኝ እጁ የታተመበትን የሐሳዌ መሲሕ ሕዝብ፣ በጠራራ ፀሐይ ያየሁት መሰለኝ።

«ምንድን ነው የሚለጥፈው?» አለች።

ፕላስተር ነው ብላት ያልቅ ነበር። ግን አታይም። ባታይም፣ ዓለም በውሸት ይያዛል ብላ ስትጠነቀቅ የኖረች ሴት ናት። የሚያታልላት እኔ ልሆን ነው? «ቁጥር ነው፣ እማዬ» አልኳት። «ግንባር ላይ።»

በሁለት እጇ ግንባሯን ሸፈነች። ከመዳፏ ሥር ያለው በልጅነቷ የተነቀሰችው መስቀል ነው፤ ቆዳዋ ቢጨማደድም መስቀሉ ዛሬም ከነአረንጓዴነቱ አለ። ነርሱ ደረሰና ቆመ።

«ልጄ፣ ልጠይቅህ» አለችው።

«ይጠይቁኝ፣ እማማ።»

«ይህን ካልተለጠፍኩ አልገባም?»

«አይገቡም።»

«ከተለጠፍኩስ አያለሁ? እንደ ልጅነቴ?»

ነርሱ ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ነው የዋለው። ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። «እሱን እኔ አላውቅም» አላት። «ብዙ ሰው ያያል። የማያይም አለ። የእርስዎ ቆይቷል፤ ዋስትና አልሰጥዎትም።»

ምናለ አዎ ብሎ ቢገላግለን ብዬ በገንሁ። የእናቴ እጆች ግን ከግንባሯ ወረዱ። ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ሰማሽ? ቃል አልገባም» አለችኝ። «ሐሳዌው ቢሆን ቃል ይገባ ነበር።» ከዚያ ለነርሱ፣ «ይነቀላል?» አለችው። ነገ ይነቀላል አላት። «እስቲ ለጥፈው።» ለጠፈው። በጥፍሯ ጫፉን ፈልጋ ራሷ ላጠችው፤ በጣቶቿ አሸት አሸት አድርጋ መልሳ ሰጠችው። «በል አሁን ለጥፍ። መስቀሌን ግን እንዳትሸፍንብኝ።»

ግቢው ሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ያ ሁሉ ሰው የመጣው ለዓይኑ ነው፤ እሷ ግን ያችን ወንበር የፍርድ ወንበር አድርጋ፣ ሰማይና ምድር የሚያልፉበትን ነገር በአንድ ቁራጭ ፕላስተር ላይ መረመረች። ከእንዲህ ያለ ሰው መወለዴ አስፈራኝ። ልትገባ ስትል፣ «ካየሽ መጀመሪያ ምን ታያለሽ?» አልኳት። «አንድ የማየው ነገር አለኝ» ብላኝ ገባች። ታቦቱን ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

በማግስቱ ጠዋት የሚመልሰንን መኪና ሾፌር መንገድ ላይ አገኘሁት። ስልኬ ባትሪ ጨርሷል፤ ወረቀትም አልያዝኩም። ግራኝ ነኝና ቁጥሩን በእስክሪብቶ ቀኝ እጄ ጀርባ ላይ ጫር ጫር አድርጌ ወደ ግቢው ሮጥኩ። ፋሻ እየተፈታ ነው። ከወዲያ አንዲት ሴት የልጅ ልጇን አይታ እልል ትላለች፤ አንድ ሽማግሌ ጣቶቹን ፊቱ ላይ እየዘረጋ ያያል።

የእናቴም ተፈታ። ዓይኗን አንድ ሁለት ጊዜ ጨፈን ገለጥ አደረገችው። ሰማዩን አላየችም፤ ሰዉንም አላየችም። «ግንባርሽን አምጪው» አለችኝ።

ጎንበስ አልኩላት። ራሴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ፀጉሬን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ከጆሮ ግንድ እስከ ጆሮ ግንድ አየች። ትንፋሿ ፊቴ ላይ ነበር። ያኔ ነው ትኩሳት ለክታኝ እንደማታውቅ የገባኝ።

«እጅ ያታልላል» አለች። «እስከ ዛሬ በእጄ ነው ያየሁሽ። ከተማ ነሽ፤ ማን ምን ብሎ እንደሚያግባባሽ አላውቅም።» ከዚያ ቀኝ እጄን ፈለገች።

ልደብቀው አሰብኩ፤ ግን ይዛዋለች። ቁጥሩን አየችው። ፊደል አትቆጥርም፤ ጽሕፈት ግን ጽሕፈት ነው። ከንፈሯ ነጣ።

«የሾፌር ስልክ ነው፣ እማዬ! አሁን የጻፍኩት ነው፤ እስክሪብቶ ነው፣ ይለቃል!»

 የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርጥባ ማሸት ጀመረች። ቆዳዬ እስኪቀላ አሸችው። አመመኝ፤ አልነጠቅኋትም። የመጨረሻው ቁጥር ሲጠፋ እጄን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አገላብጣ አየችና አቅፋው ቁጭ አለች። እንባዋ ይወርዳል፤ ነርሱ እንዳታለቅስ ቢለምናትም አልሰማችውም።

«ለራስሽ መስሎኝ ነበር እኮ የፈራሽው» አልኳት።

«እኔማ ምን ጨነቀኝ?» አለች። «የእኔ ግንባር በመስቀል ተይዟል። ባዶ የሆነው ያንቺ ነው።»

አውራ ጣቷን አንሥታ ባዶው ላይ አማተበችበት። ቁጥሩ ጠፍቷልና ሾፌሩን አላገኘነውም፤ ሌላ መኪና እስኪመጣ ፀሐዩ ላይ ተቀምጠን ቆየን። በመካከል በመካከል ዞር እያለች ታየኛለች፤ እኔም እንዳትቸገር ብዬ ፀጉሬን ወደ ኋላ አስሬ ጠበቅኋት።